በፍሪሲቭ የትኛውን መንግሥት ልምረጥ? ከደሴ የተጻፈ የግል ተሞክሮ

ፍሪሲቭ ከተማ እየቆረቆሩ፣ እውቀት እያጠኑና እየተዋጉ አገር የሚያስፋፉበት የኮምፒውተር ጌም ነው። ያን ሌሊት ዘጠኝ ከተሞች ነበሩኝ። ዋና ከተማዬን ኮረብታ ላይ ስለቆረቆርኳት ደሴ ብያታለሁ። ከሥሯ ሜዳው ላይ ያለችው ኮምቦልቻ፣ ውኃ ዳር ያለችው ደግሞ ሐይቅ ተብላለች። በእውቀት ሁሉንም ቀድሜ ዲሞክራሲ ላይ ደርሻለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ገና በዘውድ ሥርዓት ነው የሚጫወተው። አምስት ፈረሰኛ ጦር ልኬ ከተማውን ከብቤያለሁ። አንድ ተርን፣ ማለትም አንድ የጨዋታ ዙር፣ ብቻ ቀረኝ ስል ኮምቦልቻ ላይ ብጥብጥ ተነሣ የሚል መልእክት መጣ። አለፍኩት። በሚቀጥለው ተርንም መጣ፣ አሁንም አለፍኩት። ከዚያ መንግሥቴ ፈረሰ። አራት ተርን ሙሉ ሥርዓት አልበኝነት ውስጥ ገባሁ፤ ምርምሬ ዜሮ ሆነ፣ ግምጃ ቤቴ ነጠፈ፣ የአጎቴ ልጅም ሁለት ከተሞቼን ወሰደ።

«አብሽር ጋሼ፣ ጌም ነው» አለኝ። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም። ከሁሉም የሚሻለውን መንግሥት ይዤ እንዴት እንደተሸነፍኩ አልገባኝም ነበር።

ይህን የምጽፈው ጌሙን ለጀመራችሁና «ምርጡ መንግሥት የትኛው ነው?» ለምትሉ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ፤ ፍሪሲቭን የጫንኩላቸው ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። በነጻ የሚገኝ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዴንማርክ ውስጥ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች እየተሻሻለ ይኖራል። ለእኛ ደግሞ ትልቁ ነገር በአንድ ራውተር ብዙ ሰው ማጫወቱ ነው። ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜና የአጎቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ይመጣሉ። የእኔ ላፕቶፕ ሰርቨር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው፣ ይሆናል፤ እነሱ የላፕቶፔን የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር አስገብተው ይገባሉ። በሩ (ፖርቱ) 5556 ነው፤ ካልቀየራችሁት በስተቀር ሁልጊዜ እሱ ነው። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ራውተሩን ከትንሽ የፀሐይ ባትሪ አገናኝቼዋለሁ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌሙ ከአንድ በላይ የሕግ ስብስብ አለው። እኔ የምናገረው ሁሉ «ክላሲክ» በሚባለው ላይ ነው። አዳዲሶቹ እትሞች ሲከፈቱ «ሲቭ ቱ ሲቭ ስሪ» የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ የጎሣና የፌዴሬሽን መንግሥት ጭምር አለው፣ ቁጥሮቹም ይለያሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ደንበኛዬ ጋር ስንከራከር የከረምነው እሱ በአንዱ፣ እኔ በሌላው እየተጫወትን ነው። ስለዚህ አዲስ ጨዋታ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሕግ ስብስቡን እዩ።

አሁን ወደ ነገሩ። ከተማችሁ በዙሪያዋ ካሉ ካሬዎች ሦስት ነገር ትሰበስባለች፤ ምግብ፣ ምርትና ንግድ። ምግብ ሕዝብ ያበዛል። ምርት ሕንፃና ጦር ይሠራል። ንግድ ደግሞ ወደ ግብር፣ ወደ ምርምርና ወደ ላክሸሪ፣ ማለትም ሕዝብ ወደሚያስደስተው ምቾት፣ ይከፈላል። መንግሥት ማለት በጌሙ ውስጥ እነዚህን ሦስቱን የሚቆርጥና የሚጨምር፣ ወታደር ማን እንደሚቀልብ የሚወስን፣ ሕዝብ የሚከፋበትን ምክንያት የሚለውጥ ሕግ ነው። ስሙን እርሱት። እኔን የጎዳኝ ስሙ ነው። «ዲሞክራሲ» የሚለውን ሳይ ከሁሉም በላይ የተቀመጠ ሽልማት መስሎኝ እንደደረስኩ ዘልዬ ገባሁበት።

መጀመሪያ ሁላችንም የምንነሣው ከዴስፖቲዝም፣ ከአንድ ሰው ፍጹም አገዛዝ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጊዜውን በከንቱ ያፈሳል። በዚህ አገዛዝ አንድ ካሬ ከማንኛውም ነገር ከ2 በላይ ከሰጠ 1 ይቀነስበታል። ሣራማ መሬት ያለ መስኖ 2 ምግብ ይሰጣል፤ መስኖ ስትሠሩለት 3 ይሆንና ያው ተቀንሶ 2 ይመለሳል። ሠራተኞቻችሁ ለዚያ ያን ያህል ተርን የለፉት ለምንም አልነበረም ማለት ነው። ደረቅ ሜዳው ግን 1 ምግብ ስለሚሰጥ መስኖ ሲገባለት 2 ይሆናል፣ አይቆረጥም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዘመን ሜዳውን አጠጡ፣ ሣሩን ለኋላ ተዉት፣ በተረፈው ጊዜ መንገድ ሥሩ። የመንገዱን ነገር አሁኑኑ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ታናሽ ወንድሜ ይህን አንድ ነገር ብቻ ባወቀ በሳምንቱ አሸነፈኝ።

ከዚህ ለመውጣት ሁለት በር አለ። ዘውዳዊው ሥርዓት፣ ሞናርኪ፣ ቅርብ ነው፤ ፊደል፣ የሕግ ሥርዓትና የቀብር ሥርዓት ካጠናችሁ አራተኛው እሱ ነው። ሪፐብሊክ አንድ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ፊደል፣ ሕግ፣ ጽሕፈት፣ ማንበብና መጻፍ፣ ከዚያ ሪፐብሊክ። አምስት እውቀት። እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ሪፐብሊክ የሚሰጠው ትልቅ ነገር ይህ ነው፦ ቢያንስ 1 ንግድ በሚሰጥ ካሬ ሁሉ ላይ 1 ይጨምራል። «ቢያንስ 1» የሚለው ነው ቁልፉ። ምንም ንግድ የሌለው ካሬ ምንም አይጨመርለትም። ሐይቅ የምትባለው ከተማዬን እንውሰድ። አምስት ነዋሪ አላት፤ ሁለቱ ውኃ ላይ ይሠራሉ፣ ውኃ 2 ንግድ ይሰጣል። ሦስቱ መንገድ በተሠራበት ሣር ላይ ናቸው፣ እያንዳንዱ 1 ንግድ። ድምሩ 7 ነው። ሪፐብሊክ ሲሆን አምስቱም ካሬ አንዳንድ ይጨምርና 12 ይሆናል። የከተማዋ መሬት አልተለወጠም፣ ሰዋ አልበዛም፣ ገቢዋ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አሁን እነዚያ ሦስቱ ካሬዎች መንገድ ባይኖራቸውስ? ከ4 ወደ 6 ብቻ ነበር የምትሄደው። መንገድ ሥሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መንገድ ሳይሠራ ሪፐብሊክ ያወጀ ሰው ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን ሳይወስድ የሄደ ነው።

ዋጋውስ? ወታደሩ ነው። በዘውዳዊው ሥርዓት እያንዳንዱ ከተማ ሦስት ወታደር በነጻ ይይዛል። በሪፐብሊክ ግን አንድም ነጻ የለም፣ እያንዳንዱ በየተርኑ 1 ምርት ይበላል። ኮምቦልቻ 7 ምርት ታወጣለች እንበል፣ አራት ወታደር አላት። በዘውድ አንዱን ብቻ ቀልባ 6 ይተርፋታል። በሪፐብሊክ አራቱንም ቀልባ 3 ይቀራታል። ግማሹ ሄደ። በዚያ ላይ በዘውድ ከተማ ውስጥ የቆመ ወታደር እስከ ሦስት ድረስ እያንዳንዱ አንድ የተከፋ ሰው ዝም ያሰኛል። ብዙውን ጊዜ ከተማ አራት ሰው እስኪሞላት ማንም አያጉረመርምም፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ነው ቅሬታው። ከተሞቻችሁ እየበዙ ሲሄዱ ደግሞ ያ አራት የሚለው ቁጥር ይቀንሳል። በዘውድ ሦስት ጦረኛ አስቀምጣችሁ እስከ ሰባት ሰው መድረስ ትችላላችሁ። በሪፐብሊክ ያን የሚሠራው ቤተ መቅደስ ወይም ላክሸሪ ነው፤ ሁለት ላክሸሪ አንድ ሰው ደስ ያሰኛል።

ታዲያ የትኛው? እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ደብተር አለኝ፣ ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ በኩል ሰዎቼ ከሚሠሩባቸው ካሬዎች ንግድ የሚሰጡት ስንት እንደሆኑ እቆጥራለሁ። ሪፐብሊክ የሚጨምርልኝ በትክክል ያንኑ ያህል ነው። በቀኝ በኩል በዘውድ ነጻ የሚሆኑልኝን ወታደሮች እቆጥራለሁ። ሪፐብሊክ የሚወስድብኝ ምርት ያንን ያህል ነው። ግራው ከቀኙ እጥፍ ሲሆን ሪፐብሊክ እገባለሁ። ጎረቤቴ ቅርብና ተዋጊ ሆኖ ቀኙ ከከበደ በዘውድ እቆያለሁ፣ ምንም አይቆጨኝም። ውኃ ዳር ስጀምር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወደ ሪፐብሊክ ነው። ኮረብታ በበዛበት፣ እንደ እኛ ደሴ ጦሳ ከላይ፣ ገደሉ ከታች በሆነበት ቦታ ስጀምር ግን መንገድ ለመሥራት ጊዜ ይፈጃል፣ ንግዱም ቀጭን ነው፤ እዚያ ዘውዱ ያዋጣል።

በሁለቱም ማለፍ፣ መጀመሪያ ዘውድ ቀጥሎ ሪፐብሊክ፣ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ምክንያቱም በመሃል ያለው ነው።

አባቴ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ከኋላችን ቁጭ ብሎ ሲያየን አመሸ። ማያው ላይ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ወንድሜ እየተረጎመለት ነበር። አብዮት የሚለውን ቁልፍ ስጫን «ምን አደረግህ?» አለኝ።

«መንግሥት ልለውጥ ነው አባዬ።»

«እስኪለወጥ ማን ነው የሚያስተዳድረው?»

«ማንም።»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እኔ 66ንም 83ንም አይቻለሁ። ሰው የሚያወራው ስለ ወጣውና ስለ ገባው ነው። እኛን የጎዱን ግን የመሃሎቹ ቀናት ናቸው» አለ። 2014ን ያየ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ስለ መሃል ቀናት ማስረጃ አይፈልግም። እኔ ያን ከሰማሁ በኋላ ጌሙን የምጫወትበት መንገድ ተለወጠ። ሁላችንም የምናነጻጽረው መንግሥታቱን ነበር፣ በመሃላቸው ያለውን አናርኪ፣ ያንን ሥርዓት አልበኝነት፣ ግን ማንም ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም።

በጌሙ አብዮት ስታውጁ ሥርዓት አልበኝነቱ ካልቀየራችሁት ከ1 እስከ 5 ተርን ይቆያል፣ ዕጣ ነው። በእነዚያ ተርኖች ምርምር የለም፣ ግብርም አይገባም። ሦስት ከተማ ሲኖራችሁ አምስት ተርን ብትቆሙ ያጣችሁት ጥቂት ነው። አሥራ አምስት ከተማ ኖሯችሁ አምስት ተርን ብትቆሙ አንድ ሙሉ እውቀት ወይም ሁለት ቀረባችሁ፣ ጎረቤታችሁ ደግሞ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ለውጥ ቶሎ፣ ገና ትንሽ ሳላችሁ አድርጉት። ለውጡን ከማወጃችሁ በፊት ግምጃ ቤት ውስጥ ገንዘብ አስቀምጡ፣ በጅምር ያሉ ሕንፃዎችን ጨርሱ፣ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ባዶዋን አትተዉ። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ «ሬቮለን» (revolen) የሚባለውን፣ የሥርዓት አልበኝነቱን ርዝመት የሚወስነውን ቅንብር መቀየር ይቻላል። እኛ ቤት ሁላችንም ተስማምተን 2 አድርገነዋል፤ ለአንዱ 1፣ ለሌላው 5 ሲደርስ ጠቡ ከጌሙ ስለሚያልፍ ነው።

ወደ ዲሞክራሲ ልመለስ፣ ያ ሌሊት ምን እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ። ዲሞክራሲ እውነትም ኃይለኛ ነው። እንደ ሪፐብሊኩ በንግድ ካሬ ላይ 1 ይጨምራል፣ በዚያ ላይ በንግድ ላይ ሙስና የለበትም። ከኮሚኒዝም በቀር በሌሎቹ ከዋና ከተማ እየራቀ በሄደ ቁጥር ንግድ በሙስና ይጠፋል፤ ፍርድ ቤት ብትሠሩም ግማሹን ነው የሚያድንላችሁ። በዲሞክራሲ ዳር አገር ያለች ከተማም ሙሉውን ትሰጣለች። ግብርን ወይም ምርምርን እስከ 90 በመቶ ማድረስ ይቻላል፤ በዴስፖቲዝም 60፣ በዘውድ 70፣ በሪፐብሊክና በኮሚኒዝም 80 ነው ጣሪያው። ሌላም አለ። የአጎቴ ልጅ አንድ ጊዜ ዲፕሎማት ልኮ የዳር ከተማዬን በወርቅ ገዝቶ ከነወታደሮቿ ወስዶብኛል። በዲሞክራሲ ሥር ያለች ከተማ ግን በገንዘብ አትሸፍትም። ይህ ለብቻው ብዙ ነው።

ግን ሕዝቡ ጦርነት አይወድም። ከከተማ ወጥቶ የሚዋጋ እያንዳንዱ ወታደር በሪፐብሊክ 1 ሰው፣ በዲሞክራሲ 2 ሰው ያስከፋል። የሚከፉት ደግሞ ወታደሩ የወጣባት ከተማ ሰዎች ናቸው። እኔ አምስቱንም ፈረሰኞች ያስመዘገብኳቸው ኮምቦልቻ ላይ ነበር፤ ብዙ ምርት ያላት እሷ ስለሆነች እዚያው ሠርቼ እዚያው ተውኳቸው። አምስት ሲባዛ በሁለት 10 ነው፣ ከተማዋ ስምንት ሰው ነው ያላት። ከስምንት ሰው አሥር ሰው አስከፋሁ። በዲሞክራሲ ደግሞ አንዲት ከተማ ከሁለት ተርን በላይ ከተበጠበጠች መንግሥቱ በሙሉ ይወድቃል። እኔም የወደቅሁት ያችን መልእክት ሁለት ጊዜ ስላለፍኳት ነበር።

መዳኛው ቀላል ነበር። ወታደሩን ሌላ ከተማ ውስጥ አስገብታችሁ «ኤች» ስትጫኑ ቤቱ ያቺ ከተማ ትሆናለች። አምስቱን በአምስት ከተማ ብበትናቸው እያንዳንዷ ሁለት ሰው ብቻ ይከፋባት ነበር፤ ቤተ መቅደስና ትንሽ ላክሸሪ ያንን ይሸከማል። ወይም የሼክስፒር ቴአትር የሚባለውን ድንቅ ሥራ (ልዩ ጥቅም ያለው ትልቅ ሕንፃ) የሠራች ከተማ ካለቻችሁ ጦሩን ሁሉ እሷ ላይ አስመዝግቡ፤ በዚያች ከተማ የተከፋ ሰው አይኖርም። ምርቷ እስከቻለ ድረስ የፈለጋችሁትን ያህል ጦር ትሸከማለች። እንዲሁም መልእክቱ በመጣ በዚያው ተርን ላክሸሪውን ከፍ አድርጉ፣ ምርምሩ አንድ ተርን ቢዘገይ ይዘግይ። ወይም የከተማዋን መስኮት ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ሠራተኛ ከካሬው አንሥታችሁ አዝናኝ አድርጓቸው። አሁን እኛ ቤት «ብጥብጥ» የሚል መልእክት ሲመጣ ማንም ሰው ተርኑን አይጨርስም። ወንድሜ ሻዩን አስቀምጦ ነው የሚያየው።

ስለ ኮሚኒዝም አጭር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ አልቆየሁበትም። ፍልስፍናንና ኢንዱስትሪን ይጠይቃል፣ ስለዚህ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ርቀት ሙስናን አያባብሰውም፤ ከተሞቹ በሰፊው ለተበተኑበት፣ ረጅም ጦርነት ላይ ላለ ሰው ይመቻል። ታናሽ ወንድሜ ይወደዋል። ሁለት አህጉር ላይ ተዘርግቶ ሲዋጋ እሱን ይዞ አሸንፎኛል። ለእኔ ግን ንግዱ ስለሚቀንስ በእውቀት ወደ ኋላ ይጎትተኛል።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ለውጡን የሚያቀል አንድ ነገር አለ፤ የነጻነት ሐውልት። የዲሞክራሲን እውቀት ስታገኙ የሚከፈት ድንቅ ሥራ ነው። ያን የሠራ ሰው ያለ ሥርዓት አልበኝነት መንግሥት ይለውጣል፣ ገና ያላጠናውን መንግሥት ጭምር። ስለዚህ ዲሞክራሲን እንዳገኛችሁ ወዲያው መንግሥቱን ከምትቀይሩ፣ ካራቫኖችን፣ ማለትም ድንቅ ሥራ ለመሥራት የሚያግዙ የንግድ ጓዞችን፣ አስቀድማችሁ አጠራቅማችሁ ሐውልቱን ሥሩ። እኔ ባለፈው ጨዋታ ስምንት ካራቫን ኮምቦልቻ ላይ አቁሜ ጠበቅሁ፤ እውቀቱ በተገኘ ተርን ሁሉንም አስገባሁና ቀሪውን በወርቅ ገዛሁት። ከዚያ በኋላ በሰላም ዲሞክራሲ፣ ጦርነት ሲመጣ ኮሚኒዝም፣ ሲያልቅ ተመልሶ ዲሞክራሲ። የመሃል ቀን የለም። አባቴ ይህን ሳሳየው ማያውን ጠጋ ብሎ አየና «እንዲህ ያለ ሐውልት የት ይገኛል?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

ቤት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ሌላም ልመክራችሁ። አንዱ ሰው ሁልጊዜ ዘውድ ይዞ ቶሎ የሚያጠቃ ከሆነ ሪፐብሊክ የሚመርጡት ሁለቱ ከመጀመሪያው ይስማሙ፣ ኤምባሲ ይለዋወጡ። እኔና ወንድሜ ይህን ያወቅነው የአጎቴ ልጅ ተራ በተራ ከጨረሰን በኋላ ነው። ኤምባሲ ካላችሁ የሌላው ሰው መንግሥት ምን እንደሆነ በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ታያላችሁ። ጎረቤታችሁ አናርኪ ውስጥ ሲገባ ታውቃላችሁ ማለት ነው። እሱም የእናንተን ያውቃል።

የፊታችን ቅዳሜ አዲስ ካርታ እንጀምራለን። ትናንት ማታ ለመሞከር ከፍቼው ዋና ከተማዬ ወንዝ አጠገብ፣ ሁለት የውኃ ካሬ ያላት ሆና ወጣች፤ የቅዳሜውም እንደዚህ ቢሆን ብዬ ደብተሬን ከፍቼ በግራው በኩል 2 ብዬ ጽፌያለሁ። ቀኙ ገና ባዶ ነው፤ ጎረቤቴ ማን እንደሚሆን አላወቅሁም።